ጠርሙሱ ከቶሮንቶ፣ ጨዉ ከአፍዴራ

 

በረመዳን ከአሱር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን የሴቶች ደርስ አለን። ደርሱ ሲያበቃ ጥያቄ ይከተላል። አብዛኛው ጥያቄ በየዓመቱ የሚመላለስ ነው፤ ወጥ መቅመስ ጾም ያበላሻል ወይ፣ የዓይን ጠብታስ፣ የአምናው ቀዳእ ያለባት ሴት ምን ታድርግ። ዘንድሮ ግን አንዲት የገንደ ቆሬ እናት ሰዉ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቃ ቀረበችኝ። በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ያመጣቻትን ትንሽ ጠርሙስ ፈትታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች።

«ሸኻችን፣ ይቺን እህቴ ናት ከቶሮንቶ የላከችልኝ። የአዮዲን እንክብል ነው፤ ለአንገቴ። በሱሁር ልዋጠው ወይስ በአፍጥር? ደግሞ ሽፋኑ ከአሳማ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው?»

ይህን ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። አምና በዚሁ ወር ሌላ እህት በስልክ ጠይቃኝ ነበር። ያኔ ደስ እያለኝ ነው የመለስኩት፤ በወጣትነቴ ደክሜ የተማርኩት ነገር ነውና። ስለ ጄላቲን፣ ስለ ኢስቲሓላ፣ ሻፊዒዎች ምን እንዳሉ፣ ሐነፊዎች ምን እንዳሉ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋት። «አላህ ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች። እንክብሉን ለምን እንደምትወስደው፣ ማን እንዳዘዘላት፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ አንድም ቃል አልጠየቅኳትም። ከዒድ በኋላ ልቧ አላስቀምጥ ብሏት ሆስፒታል መተኛቷን ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች። እኔ ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን የሚያስተምር ሐዲስ አለ። ሐዲሱን ለስንት ደረሳ አስተምሬዋለሁ። ዝም ብሎ ማለፍም እንደ ማከም ሊቆጠር እንደሚችል ያሰብኩት ግን ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ጠየቅኩ።

«ልጄ፣ ማን አዘዘልሽ?»

«እህቴ።»

«እህትሽ ሐኪም ናት?»

«አይ፣ እሷ ያረገዘች ጊዜ ሐኪሙ አዮዲን ውሰጂ ብሏት ነበር። የኔ አንገት ማበጡን ስነግራት ይኼ ነው መድኃኒቱ ብላ ላከችልኝ። ሁለት ወር ሆነኝ።»

«አሁንስ እንዴት ነሽ?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ተራዊህ ላይ ስትቆም እግሯ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ልቧ ድው ድው እንደሚል፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላት፣ ቀሚሷ እንደሰፋት ነገረችኝ። «ጾሙ ነው ብዬ ነው» አለች። የድሬ ሙቀትም አለ፤ በዚህ ሙቀት ጾሞ የማይዝል ማን አለና! ነገር ግን ጾም ሰውን ያደክማል እንጂ እጁን አያርገፈግፍም።

ጠርሙሱን አስፈቅጃት ሠፈራችን ካለው ፋርማሲስት ዘንድ ወሰድኩት። መነጽሩን አድርጎ ጽሑፉን አነበበና «ሸኽ፣ ይህ እኮ 12.5 ሚሊግራም ነው» አለኝ። ለእኔ ትንሽ ቁጥር መሰለኝ። እሱ ግን ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንድ ሚሊግራም ደግሞ 1000 ማይክሮግራም ነው። እንግዲህ አንዷ እንክብል 12,500 ማይክሮግራም ይዛለች፤ የ83 ቀን ድርሻ በአንድ ጉርሻ። ሴትዮዋ በሁለት ወር የዋጠችው ሲደመር ከ13 ዓመት ፍላጎቷ ይበልጣል። ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ሴቶች የሚያዙት በእንክብል 150 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። እህትየዋም የወሰደችው እሱን ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ «አዮዲን» ይላል፤ ልዩነቱ መለኪያው ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪሞችን እየጠየቅኩ፣ እያነበብኩ የተረዳሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ በዚህ ጉዳይ እንደ ተማሪ ቁጠሩኝ።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። ሥራው የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን ምት፣ የምግብን መቃጠል፣ የልጅን ዕድገት የሚመራ ሆርሞን ማምረት ነው። ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። አዮዲን ሲያንሰው ዕጢው ያለችውን ትንሽ ለመያዝ ሲታገል ያብጣል፤ እኛ እንቅርት የምንለው ይህን ነው። የሚያስፈልገን መጠን ግን እጅግ ጥቂት ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሱብሓነላህ! ያቺ ግን ካልተገኘች ነገሩ ሌላ ነው።

የእናቴ እናት ከጋራ ሙለታ ደጋ ነበሩ። አንገታቸው ላይ የጡጫ ያህል እንቅርት ነበራቸው፤ የእህቶቻቸውም እንዲሁ። በልጅነቴ የዘር ነው ይባል ነበር። አያቴ በምላጭ ተበጥተውለታል፤ ጠባሳው እስኪሞቱ አልጠፋም፣ እንቅርቱም አልጠፋም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለውን ተረት ስሰማ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው የሚታዩኝ። አሁን ሳነበው ምክንያቱ ዘር ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ደጋ አገር ዝናቡና ጎርፉ አዮዲኑን ከአፈሩ እያጠበ ወደ ባሕር ይወስደዋል። በዚያ አፈር የበቀለው ማሽላና ገብስ፣ በዚያ ሣር ያደገው ከብትም የአዮዲን ድሃ ይሆናል። የባሕር ዓሣ የማይበላ የደጋ ሰው ከየት ያመጣዋል? በአገራችን ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአሥር ልጆች አራቱ ማለት ነው።

አንገት ማበጡ ከሚታየው ጉዳት ቀላሉ ነው። ከባዱ በማሕፀን ውስጥ ነው ያለው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የራሱ ታይሮይድ ገና ሥራ ስላልጀመረ አእምሮው የሚገነባው እናቱ በምትሰጠው ሆርሞን ነው። እናት አዮዲን በጣም ካነሳት ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ወይም ልጁ መስማት የተሳነው፣ አእምሮው ያልጎለበተ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። መጠነኛው እጥረት እንኳ የልጁን የመማር አቅም ይቀንሳል። ትምህርት አልገባው ያለውን ልጅ ሰነፍ ብለን የገረፍን መምህራን ይህን ስናነብ ምን እንደሚሰማን አላህ ያውቃል።

መፍትሔው ታዲያ በጨው በኩል መጣ። ጨው ሀብታምም ድሃም በየቀኑ ይበላዋል፤ ስለዚህ በዓለም ዙሪያ አዮዲን ለሕዝብ የሚደርሰው ጨው ላይ ተረጭቶ ነው። የእኛ አገር ታሪክ ግን ተሰብሮ የተጠገነ ነው። ቀድሞ ብዙው ጨው የሚመጣልን ከአሰብ በኩል ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ፤ ጨው ማምረቱ ወደ አፋር፣ በተለይ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞረ። የአፍዴራው ጨው ለብዙ ዓመታት ያለ አዮዲን ነበር ገበያ የሚወጣው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብነት የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204/2003ን አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ 89 በመቶ አደገ። ትልቅ ኒዕማ ነው። ሆኖም አዮዲን «አለው» ማለትና «በቂ አለው» ማለት አንድ አይደለም፤ ቤት ሲደርስ የሚፈለገውን መጠን ይዞ የሚገኘው ጨው ከዚህ በጣም ያንሳል። አንዳንዱ ፋብሪካ ላይ በደንብ አልተቀላቀለም፤ ሌላው በመንገድና በጓዳ ይጠፋል።

የጓዳውን ጉዳይ ከባለቤቴ ጋር በደንብ አይተነዋል። እኛ ቤት ጨው የሚቀመጠው ምድጃው አጠገብ፣ ክዳን በሌለው ጎድጓዳ ሳህን ነበር። አዮዲን ግን ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል። ከፊራ ገበያ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከማዳበሪያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ጨው ርካሽ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ስንት ቀን እንደዋለ ግን ሻጩም አያውቅ። አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን የታሸገ ጨው መግዛት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ደግሞ አንዳንድ እናቶች ሸካራውን ጨው ቆሻሻ አለው ብለው ያጥቡታል። አዮዲኑ የተረጨው ላዩ ላይ ስለሆነ ውኃው ይዞት ይሄዳል። ወጡም ሾርባውም ከበሰለ በኋላ፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨው ቢጨመርበት የበለጠ ይተርፋል። በሐረርጌ ቡናውም ሆጃውም በጨው ነው፤ እዚያም ቢሆን አብሮ ከሚንተከተክ ሲወርድ ቢጨመር ነው የሚሻለው። አሞሌ ጨው ለከብትም ለሰውም የምትገዙ ካላችሁ፣ አሞሌ ከምድር እንደተቆረጠ የሚመጣ ነው፤ አዮዲን አልተረጨበትም።

አዮዲን አገኝ ብሎ ጨው ማብዛት ግን ትርጉም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ግድም። በትክክል የተዘጋጀ ጨው በዚያችው ልክ የቀኑን አዮዲን ያደርሳል። ከዚያ ያለፈው ጨው ለደም ግፊት ነው የሚተርፈው። የአፍጥራችንን ሳምቡሳና ሾርባ የቀመሰ፣ በጨው በኩል እጥረት እንደሌለብን ይመሰክራል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልመለስ። ብዙ ሰው «ቫይታሚን ነው፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» ይላል። በአዮዲን ላይ ይህ አይሠራም። ለረጅም ዘመን የተራበ ዕጢ፣ በተለይ ቋጠሮ ያወጣ እንቅርት፣ ድንገት ብዙ አዮዲን ሲመጣለት ልኩን አያውቅም። ቀኑን ጾሞ አፍጥር ላይ ካለ ልክ የሚበላን ሰው አስቡ። ዕጢው ሆርሞኑን ያለ ማቋረጥ ይረጫል፤ ልብ ይሮጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይከሳል፣ ይልበዋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ የልብ ምትን አዛብቶ ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጨው ላይ አዮዲን ሲጀመር እንኳ በዚህ ሕመም ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ጨምሮ ነበር፤ ያውም በጨው እንጂ በእንክብል አይደለም። በሌላ ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ዕጢው ከብዛቱ የተነሳ ሥራ አቁሞ ሰውየው ይደክማል፣ ይወፍራል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል።

ይበልጥ ያስደነቀኝ አዮዲን ሲበዛም አንገት ማበጡ ነው። በአልጄሪያ ቲንዱፍ አካባቢ በመጠለያ የሚኖሩት የሰሃራዊ ወንድሞቻችን ልጆች እንቅርት ሲመረመር ምክንያቱ ከጉድጓድ ውኃና ከወተት የሚያገኙት አዮዲን ከልክ ማለፉ ሆኖ ተገኝቷል። በጎረቤታችን ሶማሊያም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የሰዉ የአዮዲን መጠን ከሚገባው በላይ እንደሆነና ይህም ከሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እንግዲህ የአንዷ አንገት ከማነስ ያብጣል፣ የሌላዋ ከመብዛት፣ የሦስተኛዋ ደግሞ ከአዮዲን ጋር ጨርሶ ግንኙነት በሌለው በሽታ። ከውጭ ሲያዩት ሦስቱም አንድ ናቸው። የሚለያቸው ሐኪም፣ የደም ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ ነው።

የአሜሪካ ባለሙያዎች ለአዋቂ የሚታለፍ አይደለም ያሉት ጣሪያ በቀን 1100 ማይክሮግራም ነው፤ የአውሮፓዎቹ 600 ይላሉ። ሉጎል የሚባለው የአዮዲን ጠብታ በ5 በመቶው ዓይነት አንዲት ጠብታ ብቻ 6000 ማይክሮግራም ታልፋለች። ይህ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በፊትና ለመሰል ጉዳይ በቀን ቆጥሮ የሚያዘው መድኃኒት ነው። የባሕር አረም እንክብልም ይመጣል፤ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ። የአዮዲኑ መጠን ከአንዱ አረም ወደ ሌላው በእጅጉ ስለሚለያይ የተፈጥሮ መሆኑ ለአንገት ዋስትና አይሆንም። ለቁስል የሚቀባው አዮዲን ደግሞ ለመጠጥ አይደለም፤ ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ የጠየቀኝ ሰው ስላለ ነው።

ይጠቅማቸው ዘንድ ተጨማሪ አዮዲን ሊታዘዝላቸው የሚችሉት በዋናነት እርጉዞችና አጥቢዎች ናቸው። የእነሱ ፍላጎት በቀን ወደ 250 ማይክሮግራም ከፍ ይላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እህቶች በክትትላችሁ ቀን «አዮዲንስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የምትበሉትን ጨው ዓይነት ንገሯቸው። ቀድሞ የታይሮይድ ሕመም ያለባት ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ብትጠይቅ ይመረጣል።

ወደ ጾሙ ስንመጣ፣ አዮዲን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ለታዘዘለት ሰው ሌሊቱ ይበቃዋል፤ ለእሱ ሲባል ጾም አይፈታም። ዕጢያቸው ሥራ ቀንሶ ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ሰዎች ግን ብዙ ይቸገራሉ። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ምግብ፣ ቡና፣ ወተት፣ የብረትና የካልሲየም እንክብል ይሻሙታል። አንዱ መንገድ ለሱሁር ከመብላት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ተነስቶ በውኃ መዋጥ ነው። ሌላው ከተራዊህ በኋላ፣ የመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ካለፈው ወዲህ ለመተኛት ሲሉ መውሰድ ነው። በውኃ አፍጥሮ፣ አብሮ ውጦ፣ መግሪብን ሰግዶ ግማሽ ሰዓት መታገስ የሚችልም ይችላል፤ ሳምቡሳው ፊት ለፊት ተቀምጦ መታገሱ ከባድ ነው እንጂ። የብረት እንክብል የሚወስድ ከዚህ መድኃኒት አራት ሰዓት ያርቀው። «ረመዳን ይለፍና እጀምረዋለሁ» ብሎ ወሩን ሙሉ ማቋረጥ ግን ስህተት ነው። ዕጢያቸው ሥራ አብዝቶባቸው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መድኃኒት የሚወስዱት ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ መጾም የለብህም ከተባሉም ለበሽተኛ የተሰጠው ሩኽሳ በአል-በቀራ ሱራ 184 እና 185ኛ አንቀጾች ላይ ተቀምጦ ነው ያለው። ለምርመራ ደም መስጠት በመዝሀባችን ጾም ስለማያበላሽ፣ ምርመራን ለዒድ ማዘግየት አያስፈልግም።

ስለ ሽፋኑ የተጠየቅኩትንም ሳልመልስ አልለፍ። ከባሕር አረም የተገኘው አዮዲን ራሱ ችግር የለበትም። ሽፋኑ ከዕፅዋት ከሆነ ወይም በአግባቡ ከታረደ ከብት ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ከአሳማ ከሆነ ሐነፊዎች ነገሩ ባሕርዩን ከለወጠ ይነጻል የሚል መንገድ አላቸው፤ እኛ ሻፊዒዮች ግን እናጠብቃለን። የዘመኑ ዑለማእም ይከራከሩበታል። ሌላ አማራጭ እያለ ወደ ክርክሩ መግባት ምን አስፈለገ? ፋርማሲስቱን ጠይቁት፤ ኪኒኑም ጠብታውም አለ።

ያቺ የገንደ ቆሬ እናት በማግስቱ ከባለቤቷ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ጾማ ነው ደም የሰጠችው። አንገቷ ላይ ቋጠሮዎች ያሉት የቆየ እንቅርት እንዳለና ሆርሞኗ ከልክ በላይ እንደሆነ ተነገራት። እንክብሉን እንድታቆም፣ የልብ ምቷን የሚያረጋጋ መድኃኒት እንድትወስድ፣ ልቧ እስኪረጋ እንዳትጾም ታዘዘች። መስጂድ መጥታ አለቀሰች። ያስለቀሳት ሕመሙ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሳትጾም መድረሳቸው ነው። ቀዳእ እንደምታወጣ፣ ሌሊቱና ዱዓው እንዳልተዘጋባት ነገርኳት። እህቷ ደንግጣ ከቶሮንቶ ደውላለች፤ ለአክስታቸውም አንድ ጠርሙስ ልካ ነበርና እሱም እንዲቆም ሆኗል። አክስትየዋን ለምርመራ የሚወስዳት ልጇ ነው፤ ቅዳሜ ተቀጥረዋል።